ደቀሉን አትብሱት

ቢቸና፣ መስከረም 28 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዑሙሰልማ
ሞጣ

እንደምን ከርመሻል? አባታችን ይማምስ እንዴት ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽን አክስትሽ ሙኒያ ለገበያ መጥታ ፈልጋ ከእጄ አድርሳልኛለች። ያደረሰችልኝ የሰው በር ስጠግን አግኝታኝ ነው። አንቺን በዓይን አላውቅሽም፤ ነገር ግን ሳሊህ ስምሽን ሳያነሣ የዋለበት ቀን ስላልነበረ ይህች ማን ናት ብዬ አልጠየቅሁም። የወዳጄ ሚስት ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ እኅቴ እልሻለሁ፤ አትቀየሚኝ።

ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። ስለ ምሰሶው እመልስልሻለሁ።

የሳሊህ አባት፣ አባታችን ይማም፣ ከዓባይ ማዶ ወዳለው እስቴ ጨውና ጨርቅ የሚያሻግሩበት ጀልባ ሊያሠሩ ማሰባቸው ደግ ነው። ሰው በገመድ እየተጎተተ፣ ዕቃው እየራሰ መሻገሩ ለማንም አይበጅም። ሳሊህ ከባሕር ኃይል ሆኖ «ስመለስ ዓባይ ላይ ባለ ሸራ ጀልባ እናኖራለን፤ ምሰሶውን ወልደ ኪዳን ያቆምልናል» ብሎ ጽፎላችሁ እንደ ነበር ነገርሽኝ። እውነት ነው፣ ለእኔም እንዲሁ ይለኝ ነበር።

እናንተ ምሰሶ የምትሉትን እኛ መርከበኞች ደቀል እንለዋለን፤ ሸራውን የሚሸከመው እርሱ ነው። ደቀል ጀልባው ካለቀ በኋላ የሚጨመር ጌጥ አይደለም፤ ከጀልባው ጋር አብሮ ይታሰባል። ስለዚህ የጀልባውን ርዝመት፣ ወርዱንና ጥልቀቱን በክንድ ለክታችሁ ላኩልኝ። ወንዙ በዚያ ቦታ ምን ያህል እንደሚረጋ፣ ነፋሱም በስንት ሰዓት ተነሥቶ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ለደቀሉ ባሕር ዛፍ አትቁረጡ። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው ጽድ ፈልጉ። ልጣችሁ ከጥላ አጋድሙትና በየሳምንቱ አገላብጡት። እስከ የካቲት ይድረቅ።

እኔው መጥቼ ብለካው ደስ ባለኝ፤ እግሬ ግን መንገድ አይችልም። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ወንድምሽ
ወልደ ኪዳን

*

ሞጣ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደ ኪዳን
ቢቸና

እንደምን አሉ ጋሼ? እግርዎን እንዴት አደረገዎ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

አባባ ይማም ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። «እኅቴ እልሻለሁ» የምትለውን ስደርስ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠሩ «የልጄ ወዳጅ መርከበኛው ጻፈልን» ይላሉ። ጀልባውን የሚሠራው ጠራቢው ፋንታ ነው። ከዋንዛ ሳንቃ ነው። ርዝመቱ ዘጠኝ ክንድ፣ ወርዱ ሦስት፣ ጥልቀቱ አንድ ክንድ ከስንዝር። ጽዱንም አገኘን፤ ተልጦ ከቤታችን ጀርባ ተጋድሟል። አባባ ይማም በየሳምንቱ ሳይሆን በየቀኑ ያገላብጡታል። «ልጄ ሲመጣ ቆሞ ይጠብቀው» ነው የሚሉ።

ነፋሱን ጠይቄአለሁ። እስከ ቀትር ዝም ነው። ከቀትር በኋላ ከወንዙ ፍሰት ተቃራኒ፣ ከታች ወደ ላይ ይነፍሳል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከገደሉ ድንገት ይወርዳል አሉኝ። ሸራውን የምሰፋው እኔ ነኝ፤ መኪና አለችኝ። ኬሻ ይሻላል ወይስ አቡጀዲ?

ጋሼ፣ ሁለተኛውን ጥያቄዬን ዘለሉት። ረስተውት ይሆናል ብዬ ደግሜ ጻፍሁ። የመጨረሻ ደብዳቤው የመጣልን በሚያዝያ 80 ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሞተም አላለን፣ አለም አላለን። እርስዎ ከእርሱ ጋር አንድ ደሴት ላይ ነበሩ። ሳሊህ የት ነው?

ዑሙሰልማ

*

ቢቸና፣ ኅዳር 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዑሙሰልማ

ሰላምታዬ ከነቤተ ሰቡ ይድረሳችሁ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ። ወረቀት አጥቼ አይደለም።

ጀልባው ዘጠኝ ክንድ ከሆነ ደቀሉ ከስምንት ክንድ አይለፍ። ፋንታ ረዘም ሲል ያምራል ብሎ ይከራከር ይሆናል። ያምራል፤ ነገር ግን ከገደል የሚወርድ ነፋስ ረጅሙን ደቀል ከጫፉ ይዞ ጀልባውን ይገለብጠዋል። ስለዚህ ደቀሉ አጭር፣ ሸራው ሰፊና ዝቅ ያለ ይሁን። ደቀሉ ከመቀመጫው ሳንቃ በሚወጣበት ቦታ ውፍረቱ አምስት ጣት ይሁን፤ ወደ ላይ እየቀጠነ ሄዶ ጫፉ ሦስት ጣት ይድረስ። ጠራቢ ሁሉ ወፍራም እንጨት ጠንካራ ይመስለዋል። ከላይ እሺ ብሎ የማይጎብጥ ደቀል ግን ከታች ይሰበራል።

እግሩን በጀልባው ወለል ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ አቁሙት፤ ወገቡን ሳንቃው ይደግፈው። ከሳንቃው ጋር በገመድ እሰሩት እንጂ በብረት ለማያያዝ ብላችሁ አትብሱት። ጫፉ ላይ የሸራው መስቀያ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ግድ የለም፣ ጫፉ ብዙ ሸክም የለበትም። ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው ከሳንቃው በሚወጣበት በወገቡ ላይ ነው። እዚያ ላይ አትብሱት። ከጫፉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠርዝ የቃጫ ገመድ ወጥሩለት፤ የነፋሱን ጉልበት ይካፈለዋል።

ሸራው አቡጀዲ ይሁን፤ ኬሻ ነፋስ ያሳልፋል። ድርብ አድርጊው። የላይኛውን ጠርዝ በቀርከሃ ላይ እሰሪው፤ ዙሪያውን ገመድ አስገብተሽ ጠቅልለሽ ስፊው። እንደ አንሶላ ዝርግ አይሁን። ጠርዙን ሰብሰብ እያደረግሽ ብትሰፊው መካከሉ ትንሽ ሆድ ያወጣል፤ ነፋስ የሚይዘው ያ ሆዱ ነው። የታችኛውን ጥግ የሚስበውን ገመድ ሰው በእጁ ይያዘው እንጂ እንጨት ላይ አይታሰር። ነፋሱ ሲበረታ ቶሎ ይለቀቃል።

ሳሊህን በተመለከተ፣ እኔ በግንቦት 80 ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየሁት የለም። ከደሴት ደግሞ ወሬ ቶሎ አይወጣም።

ደግሜ ላሳስብሽ፣ ወገቡን አትብሱት።

ወልደ ኪዳን

*

ሞጣ፣ ጥር 3 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደ ኪዳን

እንኳን ለልደት በዓል በሰላም አደረሰዎ። ለእኅትዎ ለይርጋነሽም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሙኒያ ስትመጣ ሁልጊዜ ያለ ምሳ አትለቃትም አሉ፤ አላህ ይስጥልን።

ሸራው ተሰፍቶ አልቋል። አቡጀዲ ከቀበሌው ሱቅ በራሽን ስለሆነ ለድርብ የሚበቃ አላገኘሁም ነበር። አባባ ይማም ይህን ሲሰሙ ከሣጥናቸው ለከፈናቸው ያስቀመጡትን አውጥተው ሰጡኝ። «አባባ፣ ይህስ አይሆንም» ብላቸው «ልጄ ሲመጣ ሌላ ይገዛልኛል፤ ቁረጪው» አሉኝ። ቆረጥሁት። ሆድም አውጥቻለታለሁ፤ ግቢ ውስጥ ሰቅለነው ነፋስ ሲገባበት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየው።

ችግሩ ፋንታ ነው። «ገመድ ይላላል፤ ደቀሉን በስተን በብሎን ከሳንቃው ጋር ካልጠፈርነው ኃላፊነት አልወስድም» ብሏል። ደብዳቤዎን አነበብሁለት። «ይህ ሰው በአንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ አትብሱት ይላል፤ ምን አስፈራው?» አለኝ። ቆጠርሁ። ልክ ነው፣ ሦስት ጊዜ ነው።

ስለ ራሴ ልንገርዎ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የወለዱኝ አባቴ ወደ ቤትሽ ተመለሽ ይሉኛል፤ ሰውም ጠይቆኛል። ወደ ቃዲው ሄደን ነበር። ቃዲው «ባልሽ ሞቶ ከሆነ ያየ ምስክር አምጪ፤ ካልሆነ ጠብቂ» አሉ። ባለ ባል እንዳልባል ባል የለኝም፤ ባሏ የሞተባት እንዳልባል መርዶ አልመጣልኝም። ሴቶቹ ለቅሶ ሲሄዱ ከየትኛው ወገን እንደምቀመጥ አላውቅም። እንዳዝን የሚፈልግ ሰው የለም፤ እንድስቅም የሚፈልግ የለም።

ስለ ዝውውርዎ የጻፉልኝን አንብቤአለሁ።

ዑሙሰልማ

*

ቢቸና፣ ጥር 15 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዑሙሰልማ

ሰላምታውን አሳጠርሁ። ሙኒያ በቅሎዋን ጭና ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ለፋንታ እንዲህ በይልኝ። ብሎን ጠንካራ ነው፤ የሚሰበረው ግን ብሎኑ አይደለም። ከአምስት ጣት ውፍረት አንድ ጣት ብትበሳ አራት የቀረህ ይመስልሃል። አይደለም። የእንጨቱ ጅማት ተቆርጧል። ነፋስ በመታው ቁጥር ከቀዳዳው ዙሪያ ትንሽ ትንሽ ይሰነጠቃል፣ ከውጭ አይታይም። አንድ ቀን ተኩል ይጸናል። ሰው ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በአንድ ነፋስ ይወድቃል፤ ሲወድቅም ከሥሩ የተቀመጠ ሰው አለ።

በሙኒያ እጅ ከወይራ የጠረብሁት ቀለበት ልኬአለሁ። ሁለት ግማሽ ነው። ደቀሉን ከግራና ከቀኝ ያቅፈዋል። በላዩ ላይ እርጥብ ጠፍር ጠምጥሙበት። ጠፍሩ ሲደርቅ እንኳን ብሎን ሰንሰለትም እንደዚያ አይዝ። ፋንታን በማርያም ብለሽ ለምኝልኝ። እምቢ ካለ ጀልባው ይቅር።

ወልደ ኪዳን

*

ሞጣ፣ መጋቢት 5 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደ ኪዳን

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጀልባው ቆላ ወርዶ ውሃ ገብቷል።

ፋንታ ቀለበቱን አገላብጦ ካየ በኋላ «ይህን የጠረበ እጅ ካለ እኔ ምን አስለፈለፈኝ» ብሎ መሰርሰሪያውን ከተተ። ደቀሉን በጠፍር አሰረው። ያለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አባባ ይማም፣ ፋንታና አንድ የእስቴ ነጋዴ ገቡ። እኔ ከዳር ከሴቶቹ ጋር ነበርሁ። ሸራውን ሲሰቅሉት መጀመሪያ ተንቀጫቀጨ፤ ኋላ ሆዱ ሞላ። ጀልባው በፍሰቱ ላይ ወደ ላይ ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ። መሀል ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ከገደሉ ወረደ። ደቀሉ ጎበጠ። ፋንታ «ልቀቁት! ገመዱን ልቀቁት!» ብሎ ሲጮህ ይሰማኛል። አባባ ይማም ለቀቁት። ሸራው ተርገበገበ፤ ደቀሉም ተመልሶ ቀጥ አለ። ማዶ ደርሰው ተመለሱ። አባባ ይማም ከውሃው ወጥተው ተቀመጡና «ወልደ ኪዳን ልጄን ያስተማረው ይህን ነው» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እርሳቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

በየካቲት ስለ ምፅዋ በሬዲዮ የተባለውን ሰምተዋል። እዚህም ልጅ ያላቸው ቤቶች ሁሉ ለቅሶ ተቀምጠዋል፣ መርዶ ሳይመጣም የተቀመጠ አለ። አባባ ይማም ግን «የኔ ልጅ ደሴት ላይ እንጂ ምፅዋ አይደለም» ብለው እየዞሩ ሌላውን ያጽናናሉ።

ጋሼ፣ እኔ የማልቀስ ነገር ትቶኛል። የጥር ደብዳቤዎን ግን ደጋግሜ አነበብሁት። «አንድ ቀን ተኩል ይጸናል» ብለዋል። «ከሥሩ የተቀመጠ ሰው አለ» ብለዋል። ሰው ሁሉን ነገር በግምት ይጽፋል፤ አንድ ቀን ተኩል ብሎ ግን በግምት አይጽፍም። ያ የተበሳው ደቀል የማን ጀልባ ነበር? ከሥሩስ ማን ተቀምጦ ነበር?

ዑሙሰልማ

*

ቢቸና፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለዑሙሰልማ

ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ በእኛ ዘንድ ሰላምታ አይሰጥም። ቀኑን መርጬ አልጻፍሁም፤ እንዲሁ ገጠመ።

ሳሊህ ሞቷል። ሰኔ 17 ቀን 1980፣ ጠዋት። ከእኔ ሌላ ያየ ሰው የለም።

በዚያ ዓመት አፋቤት ከተያዘ በኋላ የመርከበኛው ስም እየተጠራ ወደ እግረኛ ጦር ይላክ ነበር። በሰኔ መጀመሪያ የእኔና የእርሱ ስም ተለጠፈ። ወደ የመን ለመሻገር ተማከርን። ለዓሣ ማጥመጃ ነው ብለን አስፈቅደን ከጥይት ሣጥን ሳንቃ ትንሽ ጀልባ ሠራን። ለደቀል የተጣለ የባንዲራ እንጨት አገኘን። ሳሊህ በገመድ እንሰረው አለ። እኔ ብሎን ይዤ መጣሁ። «ጋሼ፣ እንጨቱ ቀጭን ነው፤ አይብሱት፣ ገመድ ይበቃዋል» አለኝ። «እኔ አሥራ አራት ዓመት ባሕር ላይ ኖሬአለሁ። አንተ የነጋዴ ልጅ ነህ፤ ክንድ የምታውቀው ጨርቅ ስትለካ ነው» አልሁት። ሳቀና መሰርሰሪያውን አቀበለኝ። በሳሁት።

ሰኔ 13 ቀን ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ነፋሱ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ተኩል ሄድን። በማግስቱ ቀትር ላይ ሳሊህ ከደቀሉ ሥር ተቀምጦ ብስኩት ሲያካፍለን ከቀዳዳው ላይ ተሰበረ። ደረቱ ላይ ወደቀ። ሸራው ውሃ ጠጥቶ ስለ ነበር ከላዩ ላይ ለማንሣት ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ ነፋስና ውሃ ወደ ወሰደን ሄድን። ጀሪካኑ በደቀሉ ተመትቶ ተሰንጥቆ ነበር፤ የቀረው ውሃ አንድ ቀን አልበቃም።

በወጣን በአምስተኛው ቀን ጠዋት «መካ በየት በኩል ነው?» አለኝ። ካለንበት ወደ ሰሜን ነበር። ፊቱን አዞርሁት። ሁልጊዜ ሲጸልይ የምሰማቸውን ቃላት ተናገረ፤ እኔ ቋንቋውን ባላውቀውም ቃሎቹ እነዚያው ነበሩ። ስምሽን ጠራ። የአባቱን ጠራ። በሸራው ጠቅልዬ ለባሕሩ ሰጠሁት። እኔን አፋሮች ከዳር አንሥተው ውሃ ሰጡኝ፤ ከጨው ጫኞች ጋር ባቲ ደረስሁ፤ ከባቲ ወደዚህ።

ዝውውር የሚባል አልነበረም። እግሬም ደኅና ነው። ከቢቸና የማልወጣው የስንብት ወረቀት ስለሌለኝ ነው። የሰፈሩ ሰው በሕመም ተሰናብቶ ነው ብሎ ያምነኛል፤ እውነቱን የምታውቀው እኅቴ ይርጋነሽ ብቻ ናት።

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ለመጻፍ ሞከርሁ፤ ሦስት ወረቀት ቀደድሁ። አንብበሽ አቃጥዪው።

ወልደ ኪዳን

*

ሞጣ፣ ሰኔ 22 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደ ኪዳን

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በረመዳን ነው። አላቃጠልሁትም፤ በመኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከክሮቹ ሥር አለ። በግንቦት የላኳት ቁራጭ ወረቀትም ደርሳኛለች። «ተቆጣሽ ወይ?» ብለው ነው የጠየቁኝ። ቁጣ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ምግብ አበስላለሁ፤ ሰዎች ልብስ ያመጡልኛል፣ እሰፋለሁ። አንድ ቀን የአንድ ሰው ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ለባለቤቱ ሰጠሁት። እርሱም ሳያየው ለብሶ ሄደ።

ለአባባ ይማም አልነገርሁም። ክረምት ሳይገባ ጀልባውን ከውሃው አስወጥተው፣ ደቀሉን ነቅለው ቅቤ ቀብተውታል። እንዲህ እያዩአቸው እንዴት ይነገራል?

የማን ነገር እንደ ሆነ ሳልናገር ቃዲውን «ሞቱን ያየ ሰው በወረቀት ቢጽፍስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ወረቀት አይመሰክርም፣ ልጄ፤ የሚመሰክር አንደበት ነው» አሉኝ።

ይምጡ አልልም። ኬላው ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። አይምጡ እንዳልልም አፌ አልታዘዘልኝም።

ዑሙሰልማ

*

ቢቸና፣ ጥቅምት 30 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዑሙሰልማ

እንደምን ከርመሻል? ክረምቱን ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ሳስብ ከረምሁ። አሁን አጭር ነው።

ሙኒያ በቅሎ ነጂ ትፈልጋለች። እኔ እሆናለሁ። ሰው ሁሉ ለገበያ ስለሚመላለስ የበቅሎ ነጂን ፊት ማንም አያይም ትላለች። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ሞጣ እንገባለን። ለአባታችን ይማም አስቀድመሽ አትንገሪ፤ ከእኔ አፍ ይስሙት።

ይርጋነሽ ስትሰማ ሞሰቧን አስቀምጣ ቆመች። «የሞተው አይመለስ፤ አንተን ለምን እንጨምራለን?» አለችኝ።

«ዑሙሰልማ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው» አልኋት።

«እና?»

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው እኔ ዝም ያልሁት።»

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ድርቆሽ ሰፍራ ስልቻ ውስጥ ስትከት አገኘኋት። ስለ ኬላው የጻፍሽልኝን ደግሞ፣ አልፈራሁም። ፈርቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሰው መሆኔን አውቅ ነበር።

ወልደ ኪዳን

*

ሞጣ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደ ኪዳን
ቢቸና፣ እስር ቤት

አላህ ያስፈታዎ። ይህን ወረቀት ይርጋነሽ በስንቅዎ ውስጥ ታደርስልኛለች ብዬ ለሙኒያ ሰጠሁ። ሲመለሱ ኬላው ላይ እንዴት እንደ ያዙዎ ሙኒያ ነግራናለች። በቅሎዋን ለምን እንዳልሮጡባት፣ ሲጠሩዎም ለምን በሙሉ ስምዎ አቤት እንዳሉ ጠይቃኝ ነበር። አላውቅም አልኋት። ጦር ግንባር ይልኩዎታል ይባላል፤ ደብረ ማርቆስ ይወስዱዎታልም ይባላል። የቱ እንደ ሆነ ከሰሙ ይላኩብን።

ቃዲው ፊት በመሰከሩበት ዕለት እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርሁ። ቃዲው «በእምነትህ ማል» ሲሉዎ በጊዮርጊስ ሲምሉ ሰማሁ። ስለ ብሎኑ ማንም ሳይጠይቅዎ ሲናገሩም ሰማሁ። አባባ ይማም የጠየቁዎ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ውሃ ጠምቶት ነበር?»

መዋሸት ይችሉ ነበር፤ እኔም እንዲዋሹ ፈልጌ ነበር። «አዎ» አሉ። አባባ ይማም ተነሥተው ወጡ።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ተመልሰው ገቡና «እንግዳው በልቶ ነው የሄደ?» አሉኝ። «አዎ» አልኋቸው። በማግስቱ ቆላ ወርደው ጀልባውን ውሃ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሰው ያሻግራሉ። አንድ የእስቴ ሰው «ልጅዎ መጣልዎ?» ቢላቸው «ተሰምቷል» ብለውታል። መታሰርዎን የሰሙ ዕለት ሙኒያ ልትነሣ ስትል ከላያቸው ላይ ጋቢያቸውን አውልቀው «ስጪው» አሏት። ይቅር ብለዎት እንደ ሆነ አላውቅም። እኔም አልጠየቅኋቸው፤ እርሳቸውም አልነገሩኝ። ጋቢው ግን ደኅና ጋቢ ነው፤ ይልበሱት።

እኔን ቃዲው በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ። ሞቱ ተመስክሮ ጸና አሉ። ባል የሞተባት ሴት ከጌጥና ከዘፈን ርቃ በሐዘን የምትቀመጠውን አራት ወር ከአሥር ቀን ለመቀመጥ ነጠላዬን አዘጋጅቼ ነበር። እናቴም መጥታ ነበር። ቃዲው ግን ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩና «ልጄ፣ ዒዳሽ የሚቆጠረው ከሰማሽበት ቀን አይደለም፤ ከሞተበት ቀን ነው። ከሰኔ 17 ቀን 80 ጀምሮ ጥቅምት 20 ቀን 81 አልቋል። ሳታውቂው አልፎልሻል። ነፃ ነሽ» አሉኝ። አባቴ ደስ አላቸው። እናቴ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ጋሼ፣ እኔ ያን ጊዜ ምን ስሠራ እንደ ነበር ለማስታወስ አንድ ሳምንት ሙሉ ሞከርሁ። ሐምሌንና ነሐሴን አጣኋቸው፣ ክረምት ሁሉ አንድ ነው። መስከረምን ግን አገኘሁት። የሙኒያ ልጅ የተዳረችው በዚያ መስከረም ነው። ልብሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሴቶቹ «ባለ ባል ነሽ፤ ባልሽ ባሕር ላይ ያለ ጎበዝ ነው» ብለው እጄን ይዘው እስከ ክርኔ ድረስ ሒና ቀቡኝ። ከበሮውን ሰጡኝ። ጠዋት ተነሥቼ እስኪመሽ ድረስ ዘፈንሁ። ድምፄ እስኪዘጋ ነው የዘፈንሁት።

ዑሙሰልማ